በጆሮዬ ላይ የምትውለው ሲጋራ

ፖሊሶች ሊወስዱኝ ሲመጡ ካናቴራዬን ገልብጬ ለብሼ ነበር። ጥፋቴ በስብሰባ ላይ «የእሳት አደጋ መኪናችን ውሃ የለውም፤ ንግግር ግን ሞልቶታል» ማለቴ ነው። ዕድሜ ልኬን እሳት ሳጠፋ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ወረታ በገባሁ ማግስት ምላሴ እሳት ጫረብኝ።

የታሰርኩባት ክፍል ጠባብ ነበረች። ከበላይ ባለችው ሽንቁር በጎንደር መንገድ የሚያልፉ የጭነት መኪኖች ድምፅ ይገባል፤ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ የሩዝ ማሳ ጭቃ ይሸታል። ሁለት ሰዎች አገኘሁ፤ አንድ የፎገራ ሩዝ ገበሬና ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር። እነሱንም ያሳሰራቸው አፋቸው ነው።

ገበሬው ኮቴን አሽትቶ ፊቱን አዞረ። «ጭስ ጭስ ይላሉ።»

«እሳት አጥፊ ነበርኩ» አልኩት።

«ታዲያ የራስዎን ደረት ምነው ረሱት?»

መምህሩ ግድግዳውን ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ።

እንግዲህ ነገርኳቸው። ከእሳት ስንወጣ አንዲት ሲጋራ እየተቀባበልን ድንጋጤያችንን እናበርዳለን። ግን የገባው ሰው ሁሉ ሳይወጣ ክብሪት አይጫርም።

«ያፈረሰ የለም?» አለ መምህሩ።

«አንድ ቂል ነበር፤ አለቃው በጥፊ አስተማረው። ጉንጬ እስካሁን ያስታውሰዋል።»

አንድ ጠዋት «አባባ፣ ዕቃዎን ይያዙ» ተባልኩ። በር ጠባቂው ፖሊስ ሁለት ሲጋራ አወጣ፤ አንዱን ሰጥቶኝ ክብሪት ጫረልኝ። ምራቄ አፌን ሞላው። ሆኖም እሳቱን እፍ ብዬ አጠፋሁት።

«ምነው፣ ተዉት እንዴ?»

«ሁለት ሰው ውስጥ ቀርቷል።»

ፖሊሱ ወደ ክፍሏ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ የራሱን ሲጋራ ሳይለኩስ ወደ ፓኮው መለሰ።

ገበሬው ተፈትቶ ለሩዝ አጨዳ ደረሰ። መምህሩ ግን እስካሁን አልወጣም። እኔም ሲጋራዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እዞራለሁ፤ ስትበሰብስ በሌላ እተካታለሁ። ለሰው አይነገርም እንጂ የዚያች ክፍል ሳቅ ይናፍቀኛል። ሰፈሩ የዋንዛዬ ፍል ውሃ ከሱስ ገላገለው ይላል። ሐኪሙም ደረቴን አዳምጦ «እንኳን ተዉት» አለኝ።

«አልተውኩም፤ እየጠበቅሁ ነው» አልኩት።

በገበያ ቀን ከገበሬው ጋር እንገናኛለን። መጀመሪያ ጆሮዬን ያያል። ከዚያ ያ ጭስ የሚጠላ ሰውዬ ኪሱን ዳብሶ ክብሪቱን ያሳየኛል። ዝናብ እንዳያገኘው በላስቲክ ጠቅልሎታል።