በፖስት ካርድ የማይጻፍ መርዶ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት የእናቴን መርዶ ወይዘሮ ሳህራ ለሚባሉ ወዳጇ ለመንገር ነው። እናቴ በወጣትነቷ ጅጅጋ ስታስተምር አብረው ይሠሩ ነበር፤ ከተለያዩ በኋላም ለዓመታት በፖስት ካርድ ተጠያይቀዋል። ስልካቸው የለኝም፤ ቢኖረኝም እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። እሳቸው ለእናቴ የላኳቸውን ካርዶች በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ።

ሐረር አድሬ በማግስቱ ካራማራን ስንሻገር ሰማዩ ጠቁሯል። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ደርቆ አመድ መስሏል።

ጅጅጋ

የድሮ ቤታቸውን በባጃጅ አፈላልጌ አገኘሁት። በሩ ላይ የሞባይል ሱቅ ተከፍቷል።

“ኤዶ ሳህራ? ቶጎጫሌ ሴት ልጃቸው ጋ ሄደዋል” አለኝ ባለሱቁ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው።

ምሳ ሩዝ በግመል ሥጋ አዘዝኩና ግማሹን ተውኩት።

ቶጎጫሌ

ሚኒባሱ ከጭነት መኪኖች ኋላ እየተጎተተ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ወይዘሮ ሳህራ በረንዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ትክ ብለው አዩኝ።

“አልማዝ ሞታለች፣ አይደል?”

“አዎ፣ ኤዶ።”

“ኢና ሊላሂ” አሉና ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው አለቀሱ።

ሲረጋጉ ካርዶቹን ሰጠኋቸው። የጅጅጋ ፎቶ ያለበት ካርድ ስላልነበረ ሁሉም ዋልያና ፏፏቴ ነው። አንዱን ለይተው አወጡ። ጀርባው ላይ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ “ሁላችንም ደህና ነን፤ ልጁም አድጓል” ይላል።

“ይሄን ስጽፍ የመጀመሪያ ልጄ ከሞተ ወር አልሞላውም” አሉ።

“ለምን አልነገሯትም?” አልኳቸው።

“ካርድ ፖስታ የለውም፤ እጁ የገባ ሁሉ ያነበዋል። ደግሞ እናትሽ ብቻዋን ቆማ እንድታነበው አልፈለግሁም። ስንገናኝ እነግራታለሁ ብዬ ተውኩት፤ ሳንገናኝ ቀረን።” ካርዱን በመዳፋቸው እየጠረጉ ቀጠሉ። “እሷ በየካርዷ ‘ልጁን ሳሚልኝ’ ትለኛለች። እኔም ‘ስሜዋለሁ’ እያልኩ እመልሳለሁ።”

ያንን አንዱን ካርድ አስቀርተው ሌላውን መለሱልኝ። “ልጆቼ አማርኛ አያነቡም፤ አንቺ ያዣቸው።”

አዲስ አበባ

ቤት ደርሼ ለእህቴ ስነግራት ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናታችን ከመታመሟ በፊት እንኳ “የሳህራ ልጅ ይሄኔ ስንት ወልዶ ይሆናል” ትለን ነበር። ካርዶቹ ወሬ ማድረሻ ብቻ ይመስሉኝ ነበር፤ ሰው ወዳጁን ከሐዘን የሚከልልባቸውም እንደነበሩ አሁን ገባኝ። ያ ልጅ በእናቴ ሐሳብ ውስጥ አድጎ፣ አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ ኖሯል። እሷን ስንቀብር እሱንም አብረን ቀብረነዋል።