ጅባ የለበሰው ዳታ ሴንተር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ እዚሁ ወልቂጤ ነው። የእህቴ ድካም ዓይኔ እያየ ውኃ ሊበላው ስለነበር፣ አሁንም ሳስታውሰው መቀመጥ ያቅተኛል።

ታላቅ እህቴ ረድኤት ኢንጂነር ናት። የመጀመሪያ ሥራዋ ለአንድ መሥሪያ ቤት ዳታ ሴንተር መሥራት ነበር፤ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ቀንና ሌሊት የሚሠሩበት ክፍል ማለት ነው። ለድሮዎቹ መስኮት መክፈት ይበቃ ነበር አሉ። አዲሶቹ ግን ሥራቸው ስለበዛ እንደ ምድጃ ይግላሉ። ስለዚህ ረድኤት ወለሉን ከፍ አድርጋ ቀዳዳ ያለው ንጣፍ አነጠፈችና ቀዝቃዛው አየር ከሥር ሽቅብ እንዲወጣ አደረገች።

በሙከራው ቀን ማሽኖቹ ሙሉ ሥራ ተሰጥቷቸው በሙቀት ካልጠፉ የቡታጅራውንም ዳታ ሴንተር እሷ ትሠራለች። ከጠፉ ግን ሥራው ለሌላ ይሰጣል።

እኔና እማዬ ልንጸልይላት ቀድመን ሄድን። ረድኤት አለቆቿን ልትቀበል እንደ ወጣች እማዬ ወለሉን አየችና ጮኸች።

«ውይ! እንግዳ ወንፊት ላይ ይቆማል?»

ለረድኤት ስጦታ ያመጣችውን ሰፊ ጅባ፣ የጉራጌን ወፍራም ምንጣፍ፣ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። አለቆቹ ሲገቡም በር ላይ ጫማ አስወለቀቻቸው።

«ኧረ እናት፣ ቤታችን ገባን እኮ!» አለ አንዱ እየሳቀ። ረድኤትም ዓይኗን ከማሽኖቹ ሳትነቅል ፈገግ ብላ አለፈች።

ትንሽ ቆይቶ ማሽኖቹ ያጓሩ ጀመር። ሙቀቱ ወጣ፣ ወጣ። ረድኤት ማቀዝቀዣውን አየችው፤ ደህና ይሠራል። ላቧ ጠብ ይላል።

«ብናጠፋው አይሻልም?» አለ ዋናው አለቃ።

እኔ ጭንቀቴ አላስቆም ብሎኝ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። የጅባው ጠርዝ ጋ ስደርስ ባዶ እግሬን በረዶ የመሰለ ንፋስ ነካው።

«ረዲ፣ አየሩ ጅባው ሥር ነው! እማዬ፣ ውረጂ!»

«በሰው ፊት?» አለች እማዬ። አልጠበቅኋትም፤ ጫፉን ይዤ ጎተትኩት። ረድኤትም ገባት፤ በሌላው ጫፍ ሳበችው። ንፋሱ ቡፍ ብሎ የእማዬን ነጠላ ፊቷ ላይ ገለበጠው። አለቆቹ በካልሲያቸው እየዘለሉ ሳቁ። ሙቀቱ ቀስ በቀስ ወረደ።

ረድኤት አሁን ቡታጅራ እየሠራች ነው። እኔ ከደስታዬ ብዛት ለጓደኞቼ ሁሉ አውርቼው አልወጣልህ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። በሰው ፊት ስጦታዋን የጎተትኩባት እማዬ፣ ያን ቀን ከነጠላዋ ሥር ስትወጣ አልሳቀችም ነበር።