እበትና ሰማያዊ እሳት

ከሚሴ አካባቢ የኢነርጂ ባለሙያ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት ሥራዬ ሰው በእበት ጋዝ እንዲያበስል ማሳመን ነበር። ሲሚንቶውን፣ ቱቦውንና የግንበኛውን ዋጋ የክልሉ መንግሥት ይችላል፤ ገበሬው ጉድጓዱን ይቆፍራል፣ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል። ቅድሚያ ለእማወራዎች ነው። በየቀበሌው ዞርኩ። የሚያስተናግደኝ ሞልቶ የሚሰማኝ ጠፋ፤ ወተቴን ጠጥቼ እመለሳለሁ።

ግንቦት ሲጋመስ አለቃዬ ጠሩኝና፣ «ሰኔ ሲያልቅ በጀቱ ተመላሽ ነው። አንድ ቤት እንኳ አጣሽ?» አሉኝ።

በማግስቱ ወደ ጨፋ ሮቢት ወጣ ብዬ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ቤት ገባሁ። አምስት ከብት አላቸው። «አካም ጅርቱ» አልኩ፤ ኦሮምኛዬ እዚያው ያልቃል። ሳቁና በአማርኛ ቀጠሉልኝ። ዓይናቸውን ጭስ አቅልቶታል። ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣

«ነገሩ ደግ ነበር ልጄ። ግን እበት ነጃሳ አይደል? በሱ የበሰለ ይበላል?» አሉኝ።

ይሄንን ማንም አላሠለጠነኝም። «እኔም አላውቅም እናቴ» አልኩ።

«እንግዲያ የሚያውቅ እንጠይቃ።»

ተያይዘን የመንደሩ ሼህ ዘንድ ሄድን። ሼሁ ጥያቄውን ሰምተው ወደ እናትየዋ ዞሩ።

«እስከ ዛሬ በምን ስታበስዪ ኖርሽ?» አሏቸው።

«በኩበት።»

«ኩበቱስ ከምንድን ነው?»

እናትየዋ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «እሳቱ የሚነካው ድስቱን ነው። ቢስሚላህ ብለሽ አብስዪ» አሉ ሼሁ።

ጉድጓዱን ጎረቤት በደቦ ቆፈረው። ግንቡ አልቆ፣ እበቱ በውሃ ተበጥብጦ ከገባ በኋላ ጋዙ እስኪጠራቀም ሳምንታት ጠበቅን። እኔ በየሁለት ቀኑ በባጃጅ እየሄድኩ እንደ ነፍሰ ጡር እጠይቀዋለሁ።

የሚለኮስበት ቀን ግቢው በሰው ሞላ። ክብሪቱን የጫሩት እናትየዋ ናቸው። ሰማያዊው ነበልባል ቦግ ሲል በልማድ ጎንበስ ብለው «እፍ» አሉት። ጠፋ። ቶሎ ብዬ መክፈቻውን ዘጋሁ።

«ይሄ እፍ አይፈልግም» አልኳቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ እፍ ስል ኖሬ፣ አፌን ዛሬ በምን ልከልክለው?» አሉኝ።

ሁለተኛውን ክብሪት እኔ ጭሬ ሰጠኋቸውና በአንድ እጃቸው አፋቸውን ይዘው ምድጃውን ለኮሱት። የመጀመሪያውን ሻይ ሼሁ ጠጡ። «ጭስ ጭስ አይልም» ብለው አንድ ብርጭቆ አስደገሙ። በዚያው ሳምንት ሦስት ሴቶች ቢሮ ድረስ መጥተው ተመዘገቡ፤ አንዷ የሼሁ ባለቤት ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ለቅስቀሳ ስወጣ እናትየዋን ይዤ ነው። እኔ ስናገር ሰዉ በትሕትና ያዛጋል። እሳቸው በኦሮምኛ ሲጀምሩ ግን ሴቶቹ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። የሚሉት ግማሹ አይገባኝም። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ አንዳንዴም ወደ እኔ እያዩ ይስቃሉ፤ ከዚያ ይመዘገባሉ።