«ከማን» የሚለው መስመር

ከአሶሳ ወጣ ብለው የተቆረቆሩት የሰፈራ መንደሮች ስም አልነበራቸውም፤ ቁጥር ነበራቸው። ለጋዜጠኛ ይመቻል፤ ቁጥር አለቃ አያስቆጣም። ያኔ በሙያው አሥር ዓመት አልፎኛል። ያላየሁትን አልጽፍም፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ወር ያህል የተቀመጥኩበት መንደር ሰዎች ከወሎ የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው አዝመራ እስኪደርስ ሁሉም የሚበላው ከጋራ ወጥ ቤት ነበር። ጠዋት ዛፍ ላይ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ሲደወል ሰው ይሰበሰባል፣ ካድሬው የዕለቱን ሥራ ይደለድላል፣ ከዚያ ሁሉም ጣሳውን ይዞ ይሰለፋል።

በርሜሉ አጠገብ ቆማ ቅንጬ የምትጨልፈው ሴት ባሏን በድርቁ ቀብራ የመጣች ናት። የቀረቻት የባሏ እናት ብቻ ነበሩ፤ ዓይናቸው የጠፋ፣ ማሳ የማይወርዱ አሮጊት። ማሳ ላልወረደ የሚሰጠው ግማሽ ጣሳ ነው። ጭልፋ የያዘ ግን ከበርሜሉ ሥር የቀረውን ወደ ቤቱ ይወስዳል። አሮጊቷን ያቆማቸው ያ የቀረው ነበር።

ፎቶ ካነሳኋት በኋላ መነጋገር ጀመርን፤ መነጋገሩም ወደ ሌላ አለፈ። ሁለታችንም ጎልማሶች ነበርን፣ ሁለታችንም ፈቅደናል። ከአዲስ አበባ ኮንዶም ይዤ ነበር፤ ሙቀት እንዳያበላሸው በባዶ የፊልም ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጬው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

«ለጥንቃቄ ነው። ለእኔም ለአንቺም።»

«ለእኔ ስለምትጠነቀቅልኝ አላህ ይስጥህ!» ብላ ሳቀች። «ይገርማል እኮ። አገር ለአገር የዞርከው አንተ፣ የምትፈራው እኔን።»

ኮንዶሙ አልተቀደደም፤ አይቼዋለሁ። በሳምንቱ ሽንቴ ሲያቃጥለኝ ይህ ማስረጃ ሊያረጋጋኝ ይገባ ነበር። አላረጋጋኝም። ፀሐዩ ከባድ ነው፣ የምጠጣው ውኃ ጥቂት ነው፤ ሌላ ምክንያት ሞልቷል። እኔ ግን ቀን ሙሉ የማስበው ጨብጥና ቂጥኝን ነበር። ማስታወሻ እየጻፍኩ ስለ ማሽላ የነገሩኝን ሁለቴ እጠይቃለሁ።

የመንደሩ ክሊኒክ አንድ የሣር ጎጆ ነው። ሕክምናውን የሚሰጠው ድሬሰር የወለጋ ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር።

«ኮንዶም አድርገሃል፣ አልተቀደደም። ታዲያ ምን አመጣህ?»

«እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ።»

«እርግጠኛ መሆን የፈለገ ሰው ምን ሊያደርግ እዚህ ይመጣል፣ ጓድ?»

እየቀለደም ቢሆን የሽንት ናሙናና ደም ወሰደ። ምርመራው አሶሳ እንደሚሠራ፣ ቂጥኝ ቶሎ ደም ውስጥ ስለማይታይ ቆይቼ መድገም እንዳለብኝ አስረዳኝ። ከዚያ ቅጹን አወጣ። ቅጹ ላይ «ከማን» የሚል መስመር አለ። እስክሪብቶውን አንስቶ ጠበቀኝ።

«ከአሶሳ ከተማ ብዬ ልሙላው» አለ። «እዚህ የሚመጣ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለኝ። ወረቀቱ ከደሙ ጋር ከመሄዱ በፊት መንደሩ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ማኅተም ይመታበታል። ገባህ አይደል?»

ገብቶኛል። ነገር ግን ዓይኔ እያየ ሐሰት ሲጻፍ ዝም ማለት አልለመድኩም። እሷም ታማ ከሆነ መታከም አለባት ብዬም አሰብኩ። ይህን ያኔ አስቤው ይሁን በኋላ ለራሴ የጨመርኩለት፣ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

«ከአሶሳ አይደለም፤ እዚሁ ነው» አልኩ። «የጋራ ወጥ ቤቱ ባለጭልፋ ናት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ይጻፍ?»

«እውነቱ ይጻፍ።»

ጻፈው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካድሬው አራሚውን፣ እንጨት ለቃሚውን፣ ውኃ ቀጂውን ደልድሎ ሲያበቃ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ ሳያደርግ ጨመረ፤ «የወጥ ቤቷ ባለጭልፋ ለአባላዘር ምርመራ ክሊኒክ ትቅረብ!»

እሷ በርሜሉ አጠገብ ቆማ ነበር። ከሰልፉ ፊት ያለው ሰው ጣሳውን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ተይው እቴ፣ ዛሬ ራሴው እጨልፋለሁ» አላት።

«ኧረ መጀመሪያ ጭልፋውን በአመድ እሹልን!» አለች አንዷ፤ ሰው ሳቀ።

«ቅንጬው ምን አደረጋችሁ? ዝም ብላችሁ ብሉ!» ያሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸውም ግን ጣሳቸውን አልዘረጉም።

በሽታው በጭልፋ እንደማይተላለፍ አውቃለሁ። ያን ለመናገር ግን ማን እንዳስጠራት መናገር ነበረብኝ። ጣሳዬን ይዤ ከሰልፉ ወጣሁ። ከኋላዬ የነበሩት እኔም ተጸይፌ የወጣሁ መሰላቸው፤ እየተከተሉኝ ወጡ። እሷ ይህን አይታለች።

በማግስቱ ጭልፋው ለሌላ ሴት ተሰጠ። እሷ ወደ በቆሎው አረም ተላከች።

ውጤቱ ከአሶሳ ሲመጣ የሁለታችንም ነፃ ነበር። በኋላ አዲስ አበባ ተመልሼ ያስደገምኩትም ያው ሆነ። ማቃጠሉ ውኃ አብዝቼ ስጠጣ ተወኝ። ከመንደሩ ሳልወጣ ወረቀቷን ከድሬሰሩ ተቀብዬ ካድሬው ዘንድ ሄድኩና ነፃ መሆኗ በዚያው ስብሰባ ላይ እንዲነገርላት ጠየቅሁ።

«ጓድ፣ እኛ የምንጠራው በሽተኛ ነው» አለኝ፤ ክፋት በፊቱ ላይ አልነበረም። «ጤነኛውን ሁሉ ልጥራ ካልኩ መቼ ወደ ሥራ ይሄዳሉ?»

ማሳው ውስጥ ሄጄ አገኘኋት። ጎንበስ እንዳለች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ነፃ ነሽ» አልኳት። «ወረቀቱ ይኸው።»

«እኔማ ከመጀመሪያውም አውቀው ነበር። ለሰልፉ አንብብለት።»

«ካድሬውን ለምኜዋለሁ፣ እምቢ አለኝ።»

«አንተስ አፍ የለህም?»

«አሮጊቷስ እንዴት ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ግማሽ ጣሳ እየበላች እንዴት ትሆናለች?» አለች። «ሂድ በቃ። ቆመህ እንዳያዩህ፤ ደግሞ ትመረመራለህ።»

ሄድኩ። ጽሑፌ ስለ ጋራ ወጥ ቤቱ ነበር። ከጎኑ እንዲወጣ የተመረጠው ፎቶ ያን መጀመሪያ ያነሳሁት ነው፤ እሷ ጭልፋውን ይዛ ፈገግ ብላ። ከመታተሙ በፊት የጋዜጣው ጽሑፍ አራሚ ጠረጴዛዬ ድረስ አምጥቶ፣ «የፎቶው መግለጫ ልክ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሰፋሪዋ ለመንደሯ ነዋሪዎች ምግብ ስታድል» ይላል።

«ልክ ነው» አልኩት።