አውራ ጣታቸው ላይ የነበረው አረንጓዴ

አጎቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ባለችው ወርሻችን፣ ማለት ጋራዣችን፣ አሮጌ ላንድሮቨር ሲያድሱ፣ የሞተሩን ቀለም ጥቂት በቆርኪ በጥብጠው መጀመሪያ አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ይቀቡ ነበር። ከካርቡሬተሩ ሥር ከተረፈው የድሮ ቀለም ጋር ለማስተያየት ነው። እኔ ስቸኩል፣ «እርጥብ ቀለም ይዋሻል ልጄ፤ ይድረቅና እናየዋለን» ይሉኝ ነበር።

በሞቱበት ቀን ጠዋት ባሱንዳ ከሚባል መንደር የመጣውን ገበሬ መኪና ትክክለኛውን አረንጓዴ አገኙት። ጥፍራቸውን ሞተሩ ላይ ቢያስጠጉት አልለይ አለ፤ የቅልቅሉን ልክ ግን አልነገሩኝም። ከሰዓት ልባቸው ቀጥ አለ።

ለቀብር ስናጥባቸው ሼሁ ጥፍራቸውን አይተው፣ «ጥፍሩን ውሃ እንዲነካው ቀለሙን አስለቅቀው» አሉኝ። በቤንዚን ፈትጌ በገዛ እጄ አስለቀቅሁት።

ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ፤ እበጠብጣለሁ፣ ጥፍሬ ላይ ቀብቼ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ደርቆም የድሮውን አረንጓዴ አይመስልም። ገበሬው መኪናው የት ደረሰ ሲለኝ፣ ደክሞኝ «ገና አልደረቀም» እለዋለሁ።