እህቴ ሐኪም አልነበረችም

ዛሬ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች በራችንን ሲያንኳኩ መርዶ መሆኑ አልገባኝም። አሁንም አልገባኝም። ታላቅ እህቴ አበባ ለትምህርት በሄደችበት አገር በድንገት ታማ አረፈች አሉን። እሑድ እኮ ደውላ ስትስቅብኝ ነበር!

አስከሬኗ ገና ስላልመጣ ፎቶዋንና ነጠላዋን ድንኳን ውስጥ አስቀምጠን አለቀስን።

አልቃሿ እማማ ድንቄ ጠሩኝ። "የእህትህን ሥራ የምታውቀው አንተ ነህ አሉ። ንገረኝና ሙሾ ላውርድላት።"

እውነት ነው፣ ለእኔ ነግራኛለች። ክረምት መጥታ ሳለ የእናታችንን ብቅል ገለጠችው። ከሸፈነው ቅጠል ሥር የበቀለው ገብስ ገርጥቶ ነበር። ትንሽ ቆንጥራ መስኮት ላይ አስቀመጠች፤ በማግስቱ አረንጓዴ ሆነ።

"ብርሃን ሲነካው ተኝተው የነበሩ ዘረመሎች ሥራ ጀመሩ" አለችኝ። "እኔ ደግሞ ቡቃያው ብርሃን የሚለይበትን ፕሮቲን እርሾ ውስጥ አስገባለሁ። ቀይ መብራት ሳበራ የመረጥኩት ዘረመል ይሠራል። ዓይናችን እምብዛም የማያየውን፣ ከቀይ ወዲያ ያለውን ብርሃን ሳበራ ያቆማል። ሕዋሱም በሕይወት እንዳለ ነው።"

እናታችን ደረሰች። "ተማሪ ብዬ ብልክሽ ብቅሌን ታጠፊ!"

ሰው ሐኪም እየመሰለችው እጅጌውን ሲሰበስብላት "እኔ የእርሾ ሐኪም ነኝ፤ እርሾ ያመመው ይምጣ" ትል ነበር።

ሙሾው የሚወርደው በሰቆጣው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነው። እሷ በአማርኛ የነገረችኝን በኽምጣኛ ማለት አቃተኝ። "በብርሃን... ሕዋስ ውስጥ..." ብዬ ቀረሁ።

"መብራት ትዘረጋ ነበር እንዴ?" አሉኝ እማማ ድንቄ።

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። በለቅሶ ላይ! አጎቴ ክንዴን ጨብጦ "ሐኪም ናት በላቸው እንጂ፣ ምን ያንተባትብሃል!" አለኝ።

"አዎ፣ ሐኪም ናት" አልኩ።

እማማ ድንቄ ስለ መርፌዋ፣ ስለ መድኃኒቷ፣ ስላዳነቻቸው ልጆች አወረዱ። ድንኳኑ ሙሉ አነባ። አንዲት ሴትዮ "ልጄን ሳታክሚልኝ!" ብላ ደረቷን መታች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ሐዘን መስሏቸው "አይዞህ" አሉኝ። ኀፍረት ነበር።

እታለም፣ በሥራሽ አፍሬ አይደለም። አንድ ሰው ስለሳቀብኝ ቶሎ ስለተውኩት ነው ያፈርኩት። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ሰቆጣ ያለቀሰው ለማናውቃት ሐኪም ነው። ላንቺ ገና ማንም አላለቀሰም። ይህን የምጽፍበት ኢንተርኔት ቤት ሰው ሞልቶታል፤ እያዩኝ ነው። ይዩኝ፣ እኔ ጀምሬያለሁ።

ደህና ሁኚ፣ እታለም።