«መድገም ትፈልጊ ይሆን?»

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ለፒኤችዲ ቶሮንቶ በገባሁበት ዓመት፣ እኔና ፕሮፌሰሬ ስድስት ሳምንት ሙሉ የተግባባን መስሎን ኖርን።

ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ ኮሌጅ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ሥራዬ ካልጣማቸው ወረቀቱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው፣ «ይሄ ምንድነው? ውሰጂልኝ!» ይሉኝ ነበር። ደስ አይልም፤ ግን ግልጽ ነው። የቶሮንቶው ፕሮፌሰሬ ግን ጸጉራቸው የሸበተ፣ በር ሲከፍቱ በሩን ራሱን ይቅርታ የሚጠይቁ የሚመስሉ ሰው ነበሩ።

ሥራዬ እርሾ ሙቀት ሲበዛበት ምን እንደሚሆን ማየት ነው። ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ሁለት ቀን አቆይቼ ሳወጣው ምንም አልሆነም። ጭራሽ ተመችቶታል! በሳምንታዊው የላብራቶሪ ስብሰባ ላይ በኩራት አቀረብኩ። ፕሮፌሰሩ ውጤቱን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና፣

«ምናልባት… ሙከራውን መድገም ትፈልጊ ይሆን?» አሉኝ።

እኔም በትሕትና፣ «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አተያያቸውን እንደ አድናቆት ቆጠርኩት።

ሌላ ቀን፣ «እኔ ብሆን ሳጥኑን አየት ሳላደርገው አልቀርም» አሉኝ። ስለ ራሳቸው ጠባይ የሚያጫውቱኝ መስሎኝ፣ «ጥንቁቅ ሰው ነዎት» አልኳቸው። በሦስተኛው፣ «ደፋር መደምደሚያ ነው» አሉ። ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈር አብራኝ ለምትኖረው ጓደኛዬ፣ «ደፋር ተባልኩ!» ብዬ ነገርኳት፤ እሷም እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ።

ተማሪዎች ጥናታቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ለሚያሳዩበት የዲፓርትመንቱ የፖስተር ቀን ውጤቴን የበር ቁመት ባለው ወረቀት አሳትሜ ስጠቀልል፣ የላብራቶሪው ቴክኒሺያን ክንዴን ያዘችኝ። እዚያ ቤት ከሁላችንም በላይ የቆየች፣ በዕድሜ እናቴ የምትሆን ጃማይካዊት ናት።

«የኔ ልጅ፣ ሰውዬው እኮ እየለመኑሽ ነው።»

«ምን ብለው?»

«ድገሚው ብለው! ይኸው ስድስት ሳምንታቸው!»

የጠቀለልኩትን ወረቀት አስቀመጥኩ። አብረን ሄደን ሳጥኑ ውስጥ ቴርሞሜትር ከተትን። በሩ ላይ ያለው ቁጥር አርባ ሁለት ዲግሪ ይላል፤ ውስጡ ግን ከክፍሉ አይለይም። ለካ እርሾዬ ሲዝናና ነው የከረመው!

በቀጥታ ቢሯቸው ገባሁ። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ እኮ» አሉ፣ ደንግጠው። «አንቺ ግን በጣም እርግጠኛ ሆንሽብኝ። የተሳሳትኩት እኔ እንዳልሆን ብዬ የተማሪነት መጽሐፎቼን አውጥቼ እንደ አዲስ አነበብኩ።»

መጀመሪያ እኔ ሳቅኩ፤ ከዚያ እሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ከዛሬ ጀምሮ ስሳሳት፣ ተሳስተሻል ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እሞክራለሁ» አሉ፣ ጥርስ ለማስነቀል ቀጠሮ እንደያዘ ሰው።

ፖስተሩ ሳይቀርብ ቀረ። ሳጥኑ ተጠገነ፣ እርሾውም እንደ ወጉ ሞተ። ጥቂት ቆይቼ አዲስ ውጤት ይዤላቸው ስገባ፣ አንብበው ተነሡና በሩን ዘጉ። ጆሯቸው ቀልቷል።

«ይሄ… ስህተት ነው» አሉ። ወዲያው ቁጭ ብለው፣ «አስቀየምኩሽ?»

«ኧረ በፍጹም!» አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።